የማሽኑ ጆሮና የጎረቤት ጆሮ

 

ጊታር የሚማር ልጅ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ጣቱን ሲያፍታታ ማደር ይችላል። ኪቦርድ የሚጫወትም ሄድፎን ሰክቶ ቤተሰቡ እንደተኛ ይለማመዳል። ድራመር ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የተለመደው የእንጨት ድራም በሙሉ ኃይል ሲመታ መቺው ጆሮ ዘንድ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከብሎኬት ግድግዳው ወዲያ የሌላ ሰው መኝታ ቤት አለ። ስለዚህ የብዙዎቻችን መለማመጃ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የባንዱ ስቱዲዮ ነው፤ እሱም ቁልፉ ሲገኝ፣ ሌላ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት። ውጤቱን መድረክ ላይ እናየዋለን። በኃይል መምታት የሚችል ወጣት ሞልቷል። ስኔሩን በለሆሳስ እየነካካ ዘፋኙን ተሸክሞ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ለሆሳስ የሚመጣው ብቻን ተቀምጦ፣ ማንም ሳይሰማ፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ በመሥራት ነውና።

ዛሬ ላሳያችሁ የመጣሁት መንገድ ይህን ክፍተት ይሞላል ብዬ አምናለሁ። ድራሙ ላይ በቆዳው ወይም በፕላስቲኩ ፋንታ የመረብ ሄድ ይወጠራል። ከሄዱ ሥር ትሪገር ይቀመጥና የምቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሞጁል የሚባለው ሣጥን ያንን ኤሌክትሪክ አንብቦ የሚዲ መልእክት ያደርገዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ያለው የድራም ሶፍትዌር መልእክቱን ተቀብሎ በጥሩ ስቱዲዮ የተቀዳ የእውነተኛ ድራም ድምፅ ሄድፎናችሁ ውስጥ ያሰማል።

ይህን ሁሉ ገዝተው ጥቂት ቆይተው የተዉ ሰዎችን ለምን እንደተዉት ስጠይቅ የምሰማው መልስ ሁለት ነው። አንዱ «እንደ ድራም አይሰማኝም» ይላል። ሌላው «ጎረቤት አሁንም ያማርራል» ይላል። ሁለቱም ችግሮች የጆሮ ችግሮች ናቸው። ማሽኑ ቀስ ያለውን ምት አልሰማም፤ ጎረቤቱ ደግሞ መስማት የሌለበትን ሰምቷል። ውድ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ጆሮዎች አስተካክሉ ነው የምለው። የማሽኑ ጆሮ ይከፈት፣ የጎረቤቱ ጆሮ ይረፍ። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

የትሪገሩ እምብርት ፒየዞ ነው። ብዙ ጊዜ ስፋቱ 27 ወይም 35 ሚሊሜትር የሆነ፣ ስስ፣ ክብ የነሐስ ቁራጭ ሲሆን መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ሴራሚክ ተለጥፎበታል። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ፤ ፒየዞ የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይንቀጠቀጥና ይጮኻል። ስለዚህ በየማንቂያ ደወሉና በየልጆች መጫወቻው ውስጥ ይገኛል። ይህን የምነግራችሁ ዕቃው እጅግ ርካሽ መሆኑን እንድታውቁት ነው። ፋብሪካ ሠርቶ በውድ የሚሸጠው ትሪገር ውስጥም ያለው ይኸው ክብ ነው፤ የምትከፍሉት ለማቀፊያው፣ ለጃኩና ለጥንካሬው ነው።

የኤሌክትሪክ ድራም ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዙ ሲመንስ ኤስዲኤስ-5 ባለ ስድስት ማዕዘን ፓዶቹ በየቴሌቪዥኑ ታይተው ነበር። ነገር ግን ፓዱ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለነበር የመቺዎችን አንጓ አሳመመ። ስቲኩ ሲነሳ እንደ ድራም አያነጥርም፤ ምቱን ሁሉ እጅ ይቀበለዋል። መፍትሔው የመጣው የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው ሮላንድ ከድራም ሄድ ሠሪው ሬሞ ጋር ሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቲዲ-10 ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የተወጠረው መረብ አየሩን ያሳልፋል፣ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ስቲኩንም መልሶ ያነሳል። ዛሬ በማንኛውም አሮጌ ድራም ላይ በልኩ የተሠራ የመረብ ሄድ ገዝቶ መወጠር ይቻላል። ቤታችሁ ወይም ቤተ ክርስቲያናችሁ ጥግ ላይ የተጣለ፣ ቆዳው የተቀደደ ድራም ካለ አትጣሉት። እንጨቱ ይበቃናል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሄዱ ሥር በድራሙ ወርድ የምታልፍ ጠፍጣፋ ብረት ወይም እንጨት ታስራላችሁ፤ በላይዋ ፒየዞውን፣ ከፒየዞው በላይ ሾጣጣ ስፖንጅ ታስቀምጣላችሁ። የስፖንጁ ጫፍ ሄዱን ነክቶ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ይግፋው። ከዚያ ከበለጠ ሄዱ መሃል ላይ ይጎብጣል፤ ካነሰ ደግሞ ቀስ ያለው ምት ወደ ፒየዞው አይደርስም። ከሴራሚኩ የሚመጣው ሽቦ ወደ ጃኩ ጫፍ፣ ከነሐሱ የሚመጣው ወደ ጃኩ አንገት ይበየዳል። ሴራሚኩ ላይ መበየጃውን አታቆዩት፤ ሙቀት ይገድለዋል። ሽቦውንም ከመበየጃው ቦታ ራቅ አድርጋችሁ በማጣበቂያ እሰሩት፤ እንቅስቃሴ ቶሎ የሚበጥሰው እዚያው ላይ ነውና።

ስፖንጁን መሃል ላይ ማድረግ ቀላል ነው፤ አንድ ጠባይ ግን አለው። ስቲኩ በትክክል ከስፖንጁ በላይ ሲያርፍ ፒየዞው ከልክ በላይ ይሰማል፤ ሁለት ጣት ፈቀቅ ስትሉ ድምፁ ይወርዳል። ለቶም ይህ ብዙም አያስቸግርም። ለስኔር ግን ያስቸግራል፤ ስኔር ላይ እጃችን የሚያርፈው መሃል ነው። ስለዚህ ስኔሩ ላይ ትሪገሩን ወደ ጠርዝ፣ እጃችሁ ወደማይደርስበት ወደ ፊት ለፊት አዙሩት። በክሊፕ የሚታሰሩት ዝግጁ ትሪገሮች ሪሙ ላይ የሚቀመጡትም ሄዱን ከጠርዙ ለማዳመጥ ነው።

ሞጁል መግዛት የማይችል ሰው ቢኖር፣ አርዱይኖ የምትባለዋን ትንሽ ሰሌዳ የሚያውቅ ጓደኛ ፈልጉ። ኤቲሜጋ32ዩ4 የሚባለው ቺፕ ያላቸው እንደ ሊዮናርዶና ፕሮ ማይክሮ ያሉት ሰሌዳዎች በዩኤስቢ በቀጥታ ሚዲ መሣሪያ ሆነው መታየት ይችላሉ። ነገር ግን ፒየዞ በኃይል ሲመታ ከሰሌዳው አቅም በላይ የሆነ ቮልቴጅ ሊያወጣ ይችላል፤ 1 ሜጋኦም ሬዚስተርና መከላከያ ዜነር ዳዮድ ሳይኖረው አታገናኙት። በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ ሞጁል ወይም ሰሌዳ በእኛ አገር ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲሄድ ከላፕቶፑ ባትሪ እየተመገበ ልምምዱ ይቀጥላል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ሚዲ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ስለ አንድ የድራም ምት የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው፤ የትኛው ድራም እንደተመታ በቁጥር፣ ምን ያህል እንደተመታም ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይነግራል። የእጃችሁ ሙሉ ጥበብ፣ ከቁጣ እስከ ዳሰሳ፣ በዚህች ሁለተኛ ቁጥር ውስጥ ማለፍ አለበት። ይህች ቁጥር ከተበላሸች ዓለም ላይ ያለ ምርጥ ሶፍትዌር አያድናችሁም።

ችክችካን አስቡ። ስድስት ስምንተኛውን የሚይዙትን ዋና ምቶች ማንም ጀማሪ ያገኛቸዋል። የእስክስታ ጨፋሪውን ትከሻ የሚያነሳው ግን በመካከል የሚጣለው፣ ስቲኩ በራሱ ክብደት ስኔሩ ላይ የሚወድቅበት ትንሹ ምት ነው። ሞጁላችሁ በደንብ ካልተስተካከለ በመጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ከዚያ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው፤ ልጁ ትንሹን ምት ስለማይሰማው እንዲሰማ ብሎ በኃይል ይመታዋል፤ ከወራት በኋላ እጁ ያንን ይለምዳል። ጸጥ ብሎ ለመለማመድ የተገዛ ዕቃ መጮህን ያስተምረዋል ማለት ነው። ይህን በብዙ ተማሪዎች ላይ ስላየሁ ነው በዚህ ክፍል ላይ የምዘገየው።

ትሬሾልድ ማለት ከዚህ በታች ያለውን ንዝረት አትቁጠር የሚል ልክ ነው። ሳይነካ የሚጮህ ድራም እንዳይኖር ሲባል ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እናንተ ወደ ታች አውርዱት፤ ማንም ሳይነካው ድራሙ በራሱ መናገር እስኪጀምር ድረስ አውርዱት። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ መልሱት፤ ቦታው እዚያ ነው። ቀጥላችሁ ጌይኑን፣ ማለት የመዳሰሻውን ኃይል ታስተካክላላችሁ። መድረክ ላይ የምትመቱትን ትልቁን ምት ምቱና ቁጥሩን እዩ። 127 የሚመጣው በዚያ ብቻ መሆን አለበት። መካከለኛ ምትም 127 ከሰጣችሁ ጌይኑ በዝቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ኃይላችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰማል። ቁጥሮቹን ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ያሳያሉ፤ ካላሳዩም ሚዲ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አይጠፋም።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። በጣም ቀስ ካለው ምት ጀምራችሁ በዝግታ እያሳደጋችሁ እስከ ትልቁ ሂዱ፤ ቁጥሩም አብሮ በዝግታ ይውጣ። ከምንም ተነስቶ 30 ላይ ብቅ ካለ ትሬሾልዱ ገና ከፍ ያለ ነው። መሃል ላይ ዘሎ ካለፈ ስፖንጁን እዩ። የምቱ ኃይል ወደ ቁጥር የሚመነዘርበትን፣ ቬሎሲቲ ከርቭ የሚባለውን፣ በመጨረሻ ብቻ ንኩት፤ በቀጥተኛው ጀምሩ። ጌይኑና ትሬሾልዱ ሳይስተካከሉ ከርቩን የሚያጣምም ሰው ስህተቱን ሸፈነው እንጂ አላረመውም።

ስካን ታይም ማሽኑ የምቱን ጫፍ ለማግኘት የሚጠብቀው ጊዜ ነው፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሰከንድ። በጣም ካጠረ ጫፉ ሳይደርስ ይለካና ቁጥሩ ይዋዥቃል። ማስክ ታይም ደግሞ ከምቱ በኋላ ማሽኑ ጆሮውን የሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ መረቡ ከተመታ በኋላም ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ እንዳይቆጥር ይጠብቃል። ብዙ ሰው ድርብ ምት ሲሰማ ደንግጦ ይህን ይቆልለዋል። ፍላም፣ ማለት ተጠጋግተው የሚወድቁ ሁለት ምቶች፣ ስትመቱ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 20 ወይም 30 ሚሊሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ ማስኩ ከዚያ ከረዘመ ፍላማችሁ አንድ ምት ይሆናል፣ ጥቅል ምታችሁም ይቆራረጣል። ስለዚህ ድርብ ምት እስኪመጣ አሳጥሩት፣ ከዚያ በጥቂቱ መልሱት። መረቡን ትንሽ ጠበቅ ማድረግም ይረዳል።

ክሮስቶክ ቤዙን ስትመቱ ቶሙ አብሮ ሲጮህ ነው። ማሽኑ ላይ ለዚህ የተሠራ መቆጣጠሪያ አለ፤ በመጀመሪያ ግን መፍቻ አንሱ። ቶሙ ቤዙ ላይ ታስሮ ከሆነ በራሱ ስታንድ አቁሙት፤ የሚንቀጠቀጠውን ብሎን አጥብቁ። መቆጣጠሪያውን ከልክ በላይ ብታሳድጉት ቤዝና ስኔር እኩል ሲመቱ ቀስ ያለውን እውነተኛ ምት ይውጠዋል። አሁንም የሚሞተው ለሆሳሱ ነው።

ላተንሲ ማለት ስቲኩ ሲያርፍና ድምፁ ሲሰማ መካከል ያለው መዘግየት ነው። ኮምፒውተሩ ድምፅን በጥቅል በጥቅል ያዘጋጃል፤ ጥቅሉ ባፈር ይባላል። በ48 ሺህ ናሙና በሰከንድ የ128 ባፈር ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ፣ የ512 ባፈር ወደ 10.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ጠቅላላ መዘግየቱ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ እጅ ብዙም አይቸገርም። በዊንዶውስ የሳውንድ ካርዳችሁን ኤኤስአይኦ ድራይቨር ተጠቀሙ፤ ከሌለ ኤኤስአይኦ-ፎር-ኦል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። የብሉቱዝ ሄድፎን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ይበልጣል፤ በእሱ የሚለማመድ ልጅ ምቱን ማስቀደም ይማራል። የሽቦ ይሁን።

ስለ ሶፍትዌሩ አጭር እናገራለሁ፤ ምርጫው የጣዕም ነው። የስዊድኑ ቱንትራክ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሱፒሪየር ድራመር 3 የተቀዳ ድምፅ ብቻ ከ230 ጊጋባይት በላይ ነው። ያንን ያህል ከሆነበት ምክንያት አንዱ እያንዳንዱ ድራም በብዙ የኃይል ደረጃ እየተመታ መቀዳቱ ነው። ኤምቲ ፓወር ድራም ኪት ደግሞ ነፃና ትንሽ ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። ቀድሞ የተነጋገርነው ቁጥር ካልተስተካከለ ያ ሁሉ ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ጆሯችሁ አይደርስም። የኖቶቹን ካርታ አረጋግጡ፤ በተለመደው አሠራር ቤዝ 36፣ ስኔር 38፣ የተዘጋ ሃይሃት 42፣ የተከፈተ 46፣ ራይድ 51 ነው። የሃይሃት ፔዳል ብቻ ከኖት ሌላ ተከታታይ መልእክት፣ ብዙ ጊዜ ኮንትሮለር 4፣ ይልካል፤ እግራችሁ ሙሉ ሲጫን ሃይሃቱ ሙሉ መዘጋቱን ሶፍትዌሩ ውስጥ ለክታችሁ አስተምሩት።

በውጭ የተሠሩት ኪቶች ውስጥ የእኛን ከበሮ አትጠብቁ። ራሳችሁ ቅዱት። የሰፊውንም የጠባቡንም አፍ ድምፅ፣ በመዳፍም በጣትም፣ ከለሆሳስ እስከ ትልቁ በየደረጃው፣ በየደረጃውም ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ ቅዱና ሳምፕለር ውስጥ አስገቡት። አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ጆሮ ወዲያው ማሽን መሆኑን ያውቃል። ይህን ሥራ ሌላ አገር ሰው አይሠራልንም። ከመካከላችሁ የሚጀምረው ካለ እረዳዋለሁ።

ወደ ጎረቤት ጆሮ እንምጣ። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ድምፅ የስቲክ ቶክ ቶክ ብቻ ነው፤ ጎማ ሲምባል ወይም ቀዳዳ ያለው ጸጥተኛ ሲምባል ከተጠቀማችሁ ከግድግዳ ብዙም አያልፍም። ከሥራችሁ ላሉት እትዬ የሚደርሰው ሌላ ነው። ቤዝ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ግፊቱ ወደ ሶሌታው ይገባል፤ ከሶሌታው ወደ ኮለኑ፣ ከኮለኑ ወደ ሌላ ፎቅ ይሄዳል። እናንተ ሄድፎን ውስጥ ስላላችሁ አትሰሙትም፤ እሳቸው ግን ጣራቸው ሲመታ ይሰማሉ። ምንጣፍ ድራሙ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል እንጂ ይህን አያቆመውም። የሚያስፈልገው ድራሙን ከወለሉ የሚለይ፣ እንደ መኪና ባሌስትራ ግፊቱን የሚበላ ነገር ነው።

የብዙ አገር ድራመሮች የሚሠሩት መድረክ ለዚህ ይረዳል። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶችና በመካከላቸው የሚደረደሩ የቴኒስ ኳሶች ይዘጋጃሉ። የቴኒስ ኳስ ስፋት ከ6.5 እስከ 6.9 ሴንቲሜትር ነው፤ የታችኛው እንጨት ላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል ቀዳዳ ከተበጀ ኳሱ ተቀምጦ አይንከባለልም። ኳሶቹን ከድራሙና ከወንበራችሁ እግሮች ሥር በዛ አድርጋችሁ፣ ሌላው ጋ ሳሳ አድርጋችሁ ደርድሩና የላይኛውን እንጨት አስቀምጡ። የላይኛው ግድግዳ እንዳይነካ፤ በአንድ ጥግ እንኳ ከነካ ልፋቱ ከንቱ ነው። መዶሻ የሌለው ፔዳል ወይም ለስላሳ የሱፍ መዶሻም ይረዳል።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ከሥራችሁ ያለውን በር አንኳኩ። ጓደኛችሁ ላይ ሆኖ ቤዙን ሲመታ እናንተ ከጎረቤት ሳሎን ቆማችሁ አድምጡ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚተኙ፣ የሚያጠና ልጅ ወይም የታመመ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ይህ ከየትኛውም እንጨት ይልቅ ይሠራል፤ የተጠየቀ ጎረቤት ይታገሳል።

አንድ ጆሮ ይቀራል፤ የእናንተ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሄድፎን ውስጥ ድራሙን እንደ መድረኩ ልታስጮኹት ትፈልጋላችሁ። አትፍቀዱለት። ጆሮን በደንብ የሚሸፍን ሄድፎን ምረጡ፤ የስቲኩ ቶክቶክታ ሲቀንስ ድምፁን ማሳደግ አያስፈልግም።

ያስተካከላችኋቸውን ቁጥሮች በየድራሙ ደብተር ላይ ጻፏቸው። መረብ ይለቃል፣ ስፖንጅ ይደክማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሆነ ነገር ተለወጠ ስትሉ የት እንደነበራችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ጎኔ ያለው ስኔር አሁን በተናገርነው መንገድ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩም ግድግዳው ላይ ይታያል። ስቲክ ያላችሁ ተራ በተራ ውጡና ሞክሩት፤ በጣም ቀስ ካለው ምት ጀምሩ።